መኪናዋ ላይ የታሰረው ምሩቅ

የመኪናዋ ሙቀት መለኪያ መርፌ ቀዩን መስመር ስትነካ የሔራን አባት ግሩም ሬዲዮውን ዘጋ። ሬዲዮ ሲዘጋ ሞተር የሚቀዘቅዝ ይመስል።

«ምን ሆነች?» አለች እናቷ እናትዓለም፣ ከፊት ወንበር ላይ ኬኩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ።

«ምንም አልሆነችም።»

ምንም ያልሆነችው መኪና ከኮፈኗ ሥር ነጭ እንፋሎት ትተፋ ጀመር። ግሩም ጥግ አስይዞ አቆማት። ከባሕር ዳር ከወጡ ገና ሃያ ደቂቃቸው ነው። መራዊ ላይ አያታቸው ሙክት አሳርደው፣ ዘመድ ሰብስበው የሚጠብቁት ከኋላ ከሔራን አጠገብ የተቀመጠውን ታላቅ ወንድሟን ብሩክን ነበር። ብሩክ ባለፈው ቅዳሜ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቋል።

«እሺ ኢንጂነር» አለ አባቱ።

ብሩክ ከረባቱን አስተካክሎ ወረደና መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት። አምስት ዓመት ሙሉ ከሞተር ጋር የተገናኘው ባብዛኛው በስላይድ ነው፤ ስላይድ ደግሞ እንፋሎት አይተፋም። ኮፈኑን ከፍቶ ፊቱን ወደኋላ ሸሸት አደረገ።

«የሙቀት ዝውውር ችግር ነው» አለ።

«እሱንማ እናትህም አየችው። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

«እያጠናሁት ነው። ብቻ ባነሩን እንዳትነኩብኝ።»

ባነሩ የሔራን ሥራ ነበር። ጥቁር ጋዋን ለብሶ፣ ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ብሩክ፤ ከሥሩ «እንኳን ደስ ያለህ ኢንጂነር ብሩክ ግሩም»። መጀመሪያ የኋላ መስተዋት ላይ ነበር የለጠፈችው። አባቷ የኋላውን መንገድ ጋረድሽብኝ አለ። ብሩክ ደግሞ ከኋላ ማን ያየኛል ብሎ አኮረፈ። ስለዚህ ሊነሱ ሲሉ አንስታ ከፊት፣ በሁለቱ መብራቶች መካከል፣ ነፋስ እንዳያርገበግበው አድርጋ በአራት ሲባጎ ወጥራ አሰረችው። አሁን ሰው ሁሉ ሞተሩን ለማየት በብሩክ ሳቅ ላይ እየተንጠራራ ነው።

ሰው ሁሉ ማለት ብዙ ነው። በዚህ አገር ኮፈን ይከፈት እንጂ መካኒክ አይጠፋም። መጀመሪያ የደረሰው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር።

«ጋስኬቱ ተቃጥሏል» አለ፣ ለቅሶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል።»

ሁለተኛው ባጃጁን አቁሞ የመጣ ወጣት ነው። «ምን አለፋችሁ፣ ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት። እኔ ይሄው የለኝም።»

«ባጃጅ ቴርሞስታት አለው እንዴ?» አለች ሔራን።

«ለዚህ ነዋ የማይሞቀው።»

ሦስተኛዋ በቢጫ ጀሪካን ውኃ ይዘው ከመንገዱ ማዶ የመጡ እናት ነበሩ። ስማቸው የብርጓል እንደሆነ ተናገሩ፣ ጀሪካኑን አስቀመጡ፣ ባነሩን ከላይ እስከታች አዩት።

«ዓይን ነው» አሉ። «ይህን የመሰለ ልጅ ለመንገደኛ ሁሉ ፊቱን ወጥራችሁ፣ ዓይን ያልበላት ምን ይብላት? አንሡለት። መኪናዋም ትተንፍስ።»

«እማማ፣ ይኼ ሳይንስ ነው» አለ ብሩክ ፈገግ ብሎ።

«ይሁንልህ ልጄ። እስከዚያው ውኃው ይኸው።»

ብሩክ ሳይንሱን ማስረዳት ጀመረ። «ይቺ መኪና እስከ ትናንት ሞቃ ታውቃለች? አታውቅም። ትናንት ማን ነካት? መካኒኩ ምሥጋና። ውኃ ሲቀይር ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር አላስወጣም። አለቀ።»

ግሩም ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ጠርጥሬው ነበር።»

አልጠረጠረውም ነበር። ትናንት ዓባይ ማዶ ከምሥጋና ጋራዥ ሲወጡ «ይኼ ልጅ እጁ ሥራ ያውቃል» ሲል ሔራን በጆሮዋ ሰምታዋለች። ምሥጋና በቆርቆሮ የተከለለ ጋራዡን ከከፈተ ገና ሦስት ወሩ ነው። ግሩም ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ስለሆነ ባልደረቦቹ ከጫማ እስከ ሐኪም እሱን ሳይጠይቁ አይመርጡም። ከመካከላቸው ሰባቱ መኪናቸውን ለምሥጋና ሊሰጡ፣ የግሩም መኪና እንዴት እንደምትወጣ ብቻ እየጠበቁ ነበር። ምሥጋናም ይህን ያውቃል። ያቺን መኪና እንደ ፈተና ወረቀት ነው ሦስቴ ያያት።

ራዲያተሩን ሲያጥብ የውኃውን ጎማ ይዛ የረዳችው ሔራን ነበረች። ከፊቱ እፍኝ ሙሉ ገለባ ረገፈ።

«ጋሼ፣ መንገድ ላይ የተሰጣ ዳጉሳ ረግጠው አልፈዋል» ብሎ ነበር ምሥጋና።

«ምን ላድርግ፣ ገበሬው መኪና ይውቃልኝ ብሎ አስፋልቱን አውድማ አድርጎታል።»

«እሱ እህሉን ወሰደ፣ ለእርስዎ ገለባውን ተወልዎት።» ከዚያ ወደ ሔራን ዞሮ በእጁ ጀርባ ራዲያተሩን ነካ ነካ አደረገ። «አየሽ እህቴ፣ መኪና በአፍንጫዋ ነው የምትቀዘቅዘው። ከፊት ነፋስ ካልገባላት ውኃ ብቻውን ምንም አይረባትም።»

ሞተሩ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ግሩም ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተ፣ የእማማ የብርጓልን ውኃ ሞላ፣ ገብቶ አስነሣ። ሔራን ከመኪናዋ ፊት ቆማ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ፋኑ መዞር ሲጀምር የብሩክ ፊት ወደ ውስጥ ተሳበ። ጉንጮቹ ሰረጎዱ፣ ሳቁ ተጨማደደ፣ ሎሚ የመጠጠ ሰው መሰለ። ባነሩ ራዲያተሩ ላይ ልጥፍ አለ። ሔራን እጇን ጠርዙ ላይ አስጠግታ ነፋስ ፈለገች። የለም።

«እየወጣች ነው» አለ ግሩም መርፌዋን እያየ፣ ሞተሩንም አጠፋው።

ሔራን ሁሉንም ባንዴ ገጣጠመችው። ዛሬ ጠዋት አባቷ ነዳጅ ሊቀዳ ከተማውን ሲዞር አብራው ነበረች፤ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ባነሩ ከኋላ ነበር። ልትናገር አፏን ከፈተች። ብሩክ ግን የባጃጁ ልጅ በስልኩ እየቀረጸው ስለ አየር ግፊት እያስረዳ ነው። አፏን ዘጋች።

«ባነሩ ጠሟል፣ ላስተካክለው» አለችና አራቱንም ሲባጎ ፈታች። አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችው። «አባዬ፣ እስቲ እንደገና አስነሣት።»

ተነሣች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። መርፌዋ መሐል ላይ ደርሳ ቆመች።

«አላልሁም?» አለ ብሩክ። «ቅድም ቱቦውን ጨመቅ ጨመቅ ሳደርገው አየሩ ወጥቷል።»

«ለጊዜው ነው» አለ የጭነት መኪናው ሹፌር፣ ቅር ብሎት።

እማማ የብርጓል ሔራን ብብት ሥር ያለውን አይተው፣ ባዶ ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደመጡበት ሄዱ።

መንገድ ከጀመሩ በኋላ ግሩም ሬዲዮውን መልሶ ከፈተው። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ስልኩን ወደኋላ አቀበላት።

«ሔራንዬ፣ የፋብሪካው ግሩፕ ላይ ጻፊልኝ። ‹ወንድሞች፣ ዓባይ ማዶ ስላለው ልጅ ለጠየቃችሁኝ፤ እንዳትሞክሩት። መኪናዬን መንገድ ላይ ሊያቃጥላት ነበር። ልጄ ደርሶላት ነው የተረፈችው።›»

«ኢንጂነር ልጄ በይው» አለ ብሩክ።

ሔራን «ኢንጂነር» የሚለውን ጨመረች። ጽፋ ስትጨርስ ጣቷ መላኪያው ላይ ቆመ። አንድ ንክኪ ነው የቀረው፤ ከዚያ ሰባቱ ሰዎች ሌላ ጋራዥ ይፈልጋሉ፣ ምሥጋናም ለምን እንደቀሩ አያውቅም። ተናገረች ማለት ደግሞ መራዊ ሳይደርሱ ወሬው ይደርሳል። በየድግሱ፣ በየዓመት በዓሉ፣ ወንድሟን መኪና አፍንጫ ላይ አስራ መኪናዋን ልታፍን የነበረችው ልጅ እሷ ትሆናለች። አያቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስተርኳታል። ብሩክ ደግሞ እስከ ገና አያናግራትም።

ባነሩ ጭኗ ላይ ነው። ሲታጠፍ የብሩክ አንድ ዓይን ብቻ ከላይ ቀርቶ ያያታል።

«ላክሽው?» አለ አባቷ።

«ገና ነው።»

የጻፈችውን ከመጨረሻው ጀምራ አጠፋችው። «ኢንጂነር» መጀመሪያ ሄደ። ከዚያ አዲስ መጻፍ ጀመረች፤ ሦስት መስመር ብቻ ነበር። አንብባ፣ አንድ ቃል አርማ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አባዬ፣ ከመላኬ በፊት ላንብብልህ። ብሩኬ፣ አንተም ስማኝ፤ ሙድ አትያዝብኝ።»

«ምን አዲስ ነገር አለው?» አለ ግሩም፤ ሬዲዮውን ግን ቀነሰው።

«‹ሔራን ነኝ፣ የግሩም ልጅ። መኪናዋ የሞቀችው ራዲያተሩ ፊት ባነር ታስሮ ነፋስ ስለከለከላት ነው፤ ያሰርሁት እኔ ነኝ። የምሥጋና ሥራ ምንም እንከን አይወጣለትም።›»

እናትዓለም ኬኩን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ግሩም መጀመሪያ በመስተዋቱ ሔራንን አየ፣ ቀጥሎም መርፌዋን። ባነሩ ከተነሣ ጀምሮ መሐል ላይ ናት።