ከፊት ወንበር የሚመጣው ድምፅ

ይህን የምጽፍላችሁ እንቅልፍ ልነሳችሁ ብዬ አይደለም። በእኔ ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ አባቴን ያጣሁበትም ቀን ነው። ማመን ያቃተው ሰው አይፈረድበትም። እኔም ባላየው አላምንም ነበር።

ሌሊት አልነበረም። የካቲት ውስጥ፣ እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። በረዶው ላይ ያረፈችው ፀሐይ ዓይን ታጥበረብራለች።

ቦታው አሜሪካ፣ ነብራስካ፣ የአባቴ የከብት እርባታ። ዛፍ የሚባል ነገር የሌለበት የአሸዋ ኮረብታ ነው፤ ሰው ቢመጣ ከሩቅ ይታያል።

ማንም አልመጣም...

ስሜ ጆሊን ይባላል። አባቴ ቨርሊን፣ እናቴ አርዲስ።

እኛ አገር አንድ ሕግ አለ። ፒክአፕ ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የግጦሹን አጥር በር ይከፍታል። ሹፌር አይወርድም። ከኋላ የተቀመጠም አይወርድም። ከፊት ያለው ወርዶ ይከፍታል፣ መኪናው ሲያልፍ ይዘጋል፣ ተመልሶ ይገባል። ንግሥት ብትሆንም ትወርዳለች።

በእኛ ቤት ያ ሰው ሁልጊዜ እናቴ ነበረች። ከሙሽርነቷ ጀምሮ በር ስትከፍትለት ኖረች።

አምና ሰኔ ላይ አሮጌዋ ፒክአፕ አልነሳም አለችና አባቴ አዲስ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣን። መኪናዋ ዝም ማለት አታውቅም። በር ሲከፈት ትጮኻለች። ወደ ኋላ ስትሄድ ትጮኻለች። ላም በአጠገቧ ካለፈችማ አገር ይያዝልኝ ትላለች።

ከሁሉም የባሰው ግን የወንበር ቀበቶው ጩኸት ነበር። እናቴ አሁን ወርዳ አሁን ለምትወጣው ቀበቶ አታስርም።

ቲን... ቲን... ቲን...

"ዕድሜዬን ሙሉ ከብት ስነዳ ኖሬ፣ በስተርጅና መኪና ልትነዳኝ?" ይላል አባቴ። "አንቺ፣ ዝም በይ!"

"ለእኔ ነው ለእሷ?" ትለዋለች እናቴ።

"ከሁለታችሁ ለምትሰማኝ።"

በመጨረሻ የእኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ቀበቶውን በባዶው ወንበር ላይ ስቦ ቀረቀረው። እናቴም ከላዩ ተቀመጠችበት። መኪናዋ የታሰረ ሰው ያለ መስሏት ዝም አለች።

እናቴ በጥቅምት ሞተች። ታመመች ተባለ፣ ሞተች ተባለ። ልንሰናበታት እንኳ በቅጡ ጊዜ አልሰጠችንም።

ከቀብሩ በኋላ እሁድ እሁድ ከከተማ እየመጣሁ ላሞቹን በመቀለብ አግዘው ጀመር። በመጀመሪያው እሁድ የፒክአፗን የፊት በር ልከፍት እጄን ስሰድ...

"ከኋላ ግቢ።"

"ምን?"

"ከኋላ፣ ልጄ።"

ሐዘን ነው አልኩ በልቤ። በእሷ ቦታ ሰው እንዲቀመጥ አልፈለገም ብዬ አዘንኩለት። ከኋላ ገባሁ።

ሞተሩን አስነሳ። የፊት ወንበር ባዶ ነው። ቀበቶው ተፈትቶ በቦታው ተንጠልጥሏል።

ቲን... ቲን... ቲን...

"አባዬ፣ ወንበሩ ላይ ዕቃ አስቀምጠሃል እንዴ?"

"ተያት።"

ያን ድምፅ ስንት ጊዜ የሰደበ ሰው፣ አሁን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጠዋል። ፊቱ ላይ የማላውቀው ደስታ ነበር።

የግጦሹ በር ጋ ደረስን። ቆመ። አልወረደም። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ድምፁ ተቋረጠ።

አባቴን አየሁት። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ልጠይቀው ነበር። ዓይኔን ወደ ፊት ስመልስ የግጦሹ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል...

አለፍን። ጥቂት ሄደና ቆመ። አሁንም ጠበቀ።

ቲን... ቲን... ቲን...

"ገባች" አለ፣ ለራሱ፣ በሹክሹክታ።

ዞር ብዬ በኋላው መስኮት ተመለከትኩ። በሩ ተዘግቷል። ሰንሰለቱም በቦታው ተጠምጥሟል።

በማግስቱ ኪፕ ለሚባል መካኒክ ደወልኩ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው።

"ሰው መቀመጡን የሚለየው ሴንሰር ነው" አለኝ። "ወንበሩ እርጥበት ገብቶበት ይሆናል። ቀበቶውን ቀርቅሪውና ተገላገይ።"

"በሩስ?"

"የቱ በር?"

አመስግኜ ዘጋሁት።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ አባቴ ከሳ። ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ስመጣ ጋራዥ ውስጥ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ብቻ አብርቶ፣ ፒክአፗ ውስጥ አገኘዋለሁ። እራቱን እዚያው ይበላል። ድምፁ ይጮኻል፣ እሱ ያወራል። ስጠጋ ወሬውን ያቋርጣል።

ልቡ ደካማ ነው። ሐኪሙ ብቻውን መኖር የለበትም ብሎኛል። ቤቴ ትርፍ ክፍል ስላለ አልጋ አነጠፍኩለት፣ መጋረጃ ሰቀልኩለት፣ እባክህ ከእኔ ጋር ኑር ብዬ ለመንኩት። እናቴን አጥቼ እሱንም ማጣት አልችልም ነበር። ከዚህ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

አንድ ቀን እሺ አለኝ።

"እሁድ ላሞቹን ቀልበን እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ልንገራት።"

ያ እሁድ ነው የካቲት ውስጥ ያልኳችሁ።

አባቴ ከጎተራው በስተጀርባ ድርቆሹን ያስተካክላል። እኔ ፒክአፗ አጠገብ ቆሜያለሁ። ቁልፉ በርቷል። የፊት ወንበር ባዶ ነው፤ ያም ድምፅ ይጮኻል።

ተናደድኩ። አባቴን ከእኔ የቀማችኝ እሷ መሰለችኝ። በሩን ከፈትኩ፣ ቀበቶውን ሳብኩ፣ ቀረቀርኩት።

ቀጭ።

ዝም አለ። ተገላገልኩ ብዬ ከኋላ ገባሁና ተቀመጥኩ።

አባቴ መጥቶ ገባ። ጆሮውን አቀና። ጠበቀ። ከዚያ ትከሻው ዝቅ አለ።

"ትናንት ማታ ነገርኳት" አለኝ፣ ሲነዳ። "ተቀይማኝ ነው መሰለኝ።"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

በሩ ጋ ቆምን። ጠበቀ... ጠበቀ... ነፋሱ በረዶውን መሬት ለመሬት ይነዳዋል። በሩ አልተከፈተም።

ቀስ ብሎ ወደ ጎኑ ዞረ። ቀበቶውን አየው።

"ጆሊን... አንቺ ነሽ?"

"ድምፁ ነው አባዬ... ራሴን አዞረኝ።"

"አሰርሻት?"

"አባዬ..."

"ታስራ እንዴት ትውረድ?"

ያን ጊዜ ነው አንገቴን አስግጌ የፊቱን ወንበር ያየሁት።

ባዶ ወንበር ላይ የታሰረ ቀበቶ ወንበሩ ላይ ይተኛል። ይኼኛው አልተኛም። አንድ ነገር የጠመጠመ ይመስል ወደ ፊት ተወጥሯል። ከሥሩ ምንም የለም።

ቀስ እያለም ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል...

አባቴ መፍቻውን ተጫነ። አልለቀቀም። ደግሞ ተጫነ። እምቢ አለ።

"እኔ ልክፈት" አልኩት።

"አንቺ ከኋላ ነሽ።"

"አባዬ፣ ብርድ ነው፤ ልብህ..."

"ዕድሜዋን ሙሉ እሷ ከፈተችልኝ" አለ። "አንድ ቀን እኔ ብከፍትላት ምናለ?"

ወረደ። አባቴ መሪ ትቶ በር ለመክፈት ሲወርድ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሰንሰለቱን ፈታ፣ በሩን ገፍቶ ከፈተ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እንዳልፍ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። እኔን ግን አላየኝም፤ የሚያየው የፊቱን ወንበር ነው።

ወደ ሹፌሩ ቦታ ተሻገርኩና ነዳሁ። ወደ ጎኔ ላለማየት ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልኩ። አለፍኩና ቆሜ ጠበቅሁት።

አልመጣም።

በመስታወቱ አየሁ። በሩ እንደተከፈተ ነው። አባቴ በሕይወቱ የከፈተውን በር ሳይዘጋ ትቶ አያውቅም...

ሮጬ ተመለስኩ። የበሩን ቋሚ ተደግፎ በረዶው ላይ ተቀምጧል። ባርኔጣው ጭኑ ላይ ነው። ጠራሁት። ፊቱን በእጄ ይዤ ጠራሁት። ትንፋሽ አልነበረውም።

እርዳታ ፍለጋ ደወልኩ። ጎረቤታችን ሮስኮ ቀድሞ ደረሰ፣ አምቡላንሱም ተከተለው። ሊያድኑት የሚችሉት ነገር አልነበረም። አባቴን ጭነው ሲሄዱ ሮስኮ ክንዴን ያዘኝ።

"ከአባትሽ ጋር ሂጂ። ላሞቹን እኔ እቀልባለሁ።"

"የአባቴ ላሞች ዛሬ ከእኔ እጅ ነው የሚበሉት" አልኩት። ሰው ሲያለቅስ የሚለውን አያውቅም። እሱም ገብቶት በሩን ዘግቶልኝ ሄደ።

ፒክአፗ ውስጥ ስገባ የፊቱ ቀበቶ ተፈትቷል። ቦታው ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ አልነካሁትም፤ ሌላ ሰውም አልገባም።

ላሞቹን ቀለብኩ። እያለቀስኩ ነው የቀለብኳቸው። ጨርሼ ወደ በሩ ዞርኩ።

ቲን... ቲን... ቲን...

የፊቱን ወንበር አየሁ። ድምፁ ከእሱ አይደለም። መሪው ፊት ያለው ስክሪን ላይ የወንበሮቹ ሥዕል አለ፤ ያልታሰረ ሰው የተቀመጠበት ቀይ ይሆናል።

ከኋላ ሁለት ቀይ ነበር። ጎን ለጎን።

አልዞርኩም። መዞር አልቻልኩም።

"እማዬ?" አልኩ።

ቲን... ቲን...

"አባዬ... ክፍሉን አዘጋጅቻለሁ። አልጋው ለሁለታችሁም ይበቃል። ሁለታችሁም ኑ..."

የመለሰልኝ ድምፁ ብቻ ነው። እንዳልፈጥን ብዬ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ያ መንገድ እንዳያልቅ ፈለግሁ።

በሩ ጋ ቆምኩ። ሁለቱም ቀይ ምልክቶች እኩል ጠፉ። ድምፁም ተቋረጠ።

በሩ ተከፈተ። ሲከፈት በዓይኔ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ የገፋው ሰው ግን የለም።

አለፍኩ። አባቴ እንደሚያደርገው ጥቂት ሄጄ ቆምኩ። ዘግተው እስኪገቡ ጠበቅሁ...

በመስታወቱ ተመለከትኩ። በሩ ተዘግቷል። ሰንሰለቱ አሁንም እየተወዛወዘ ነው። የተቆለፈው ከውስጥ፣ ከግጦሹ ወገን ነው።

ስክሪኑን አየሁ። ከእኔ በቀር ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው።

ሞተሩን ሳላጠፋ እስኪመሽ ተቀመጥኩ፤ አንዴ ብቻ ቲን እንድትልልኝ።