ቅስቱን የተሸከመው

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። በር አጠገብ ያላችሁትም ግቡ። ስናገር ደግሞ "ከዚያስ? ከዚያስ?" እያላችሁ አታቋርጡኝ። ትናንት ስታቋርጡኝ አምሽታችሁ እኔ ተናድጄ ነው የተኛሁት።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። አገሩ ጣልያን ነው፤ መንደሩ ኮረብታ ጫፍ ላይ የተለጠፈ ትንሽ የድንጋይ መንደር። ስሙን አትጠይቁኝ፣ አላውቀውም። ጀምበር ጠልቃለች፣ ሰው ከሰው አይለይም። ከመንደሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስድ አንድ ቀጭን መንገድ አለ። በግራ ገደል፣ በቀኝ መቃብር። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ይሄዳል። ከማን ጋር? ከማንም ጋር አይደለም። ብቻውን።

ሰውዬው ሩጀሮ ይባላል፣ ግንበኛ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግንቡ ወፍራም፣ መስኮቶቹ ክንድ የማያሳልፉ ጠባብ ናቸው። የቀረው ከመቅደሱ በላይ የሚጎብጠው የድንጋይ ቅስት ብቻ ነው። ሩጀሮ ሠራው፤ ፈረሰ። ደግሞ ሠራው፤ ደግሞ ፈረሰ። ለምን? ቅስት ሲሠራ ከሥሩ በእንጨት ይደገፋል፣ ኖራው እስኪደርቅ እንጨቱ አይነካም። ሩጀሮ ግን መጠበቅ አይችልም። ኖራው ሳይደርቅ እንጨቱን ይነቅላል። ንገሩኝ እስቲ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

የመንደሩ ሰዎች መረራቸው። አሁንም ከፈረሰ ሚስትህን ይዘህ ከመንደራችን ውጣ አሉት። እሱስ ምን አደረገ? ቅስቱን እንደጨረሰ እንደገና እንጨቱን ነቀለ። ቤቱ ሲገባ ራቱ አልዋጥ አለው። ልሂድና ልየው ብሎ ተነሳ። ሚስቱ ሊቪያ አብሬህ ልምጣ ብትለው፣ አንቺ ደግሞ ልቤን አታውልቂው ብሎ በሩን ወርውሮ ዘግቶባት ወጣ።

በዚያ ቀጭን መንገድ መጀመሪያ የሰማው ትንፋሽ ነው። ሸክም የከበደው ሰው ትንፋሽ። ዞር አለ፤ ማንም የለም። እናንተ ብትሆኑ አትመለሱም ነበር? እሱ አልተመለሰም። ጥቂት እንደሄደ ትንፋሹ ከፊቱ መጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ። ገባ። ከቅስቱ ሥር በኖራ የነጡ ሁለት እግሮች አየ። ቀና ሲል ጉልበት አየ። ቀና ሲል የጎበጠ ጀርባ አየ። አንድ ሰው ቅስቱን በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። ፊቱ የሞተ ሰው ፊት ነው።

"ብቻህን ነህ?" አለው።

"ብቻዬን ነኝ" አለ ሩጀሮ።

ያ መንፈስ ከሩጀሮ በፊት የነበረው ግንበኛ ነው። እሱም ቸኩሎ እንጨት ነቅሎ፣ ቅስቱ ተንዶበት እዚያው ሥር ተቀብሮ ቀረ። የሚተካው ሰው ካላገኘ ሸክሙ እንደማይለቀው ነገረው።

"ትከሻህን አግባ፣ ቅስትህ አይፈርስም። እምቢ ካልክ አሁን እለቀዋለሁ።"

ሩጀሮ ፈርቶ ነበር። ግን ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ ስድብ ትዝ አለውና ንዴቱ ከፍርሃቱ በለጠ። ትከሻውን አገባ። መንፈሱ እፎይ ብሎ እንደ ጉም በነነ። ሩጀሮ ለመውጣት ሞከረ፤ አልቻለም። ጮኸ፣ ተሳደበ፣ አለቀሰ። ማን ይስማው? ሁለት ሆነው ሄደው ቢሆን አንዱ ሮጦ እንጨት ያመጣ አልነበረም? ሰው ግን አይሰማ!

ሊቪያ ጠበቀች፣ ጠበቀች። አልመጣ ሲላት ፋኖስ ይዛ ወጣች። ጎረቤት ብትጠራ ምን ነበረበት? አልጠራችም። ባሌ ሰው ፊት ይሰድበኛል ብላ ፈራች። በዚያው ቀጭን መንገድ ሄዳ በሩ ላይ ስትደርስ ከውስጥ የባሏን ድምፅ ሰማች። ደስ አላት።

"ሊቪያ" አላት። "ብቻሽን ነሽ?"

ልጆቼ፣ በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። ስንት ጊዜ ልናገር? ከሄዳችሁም ይህን ለሚጠይቃችሁ አትመልሱ። ድምፁን ብታውቁትም፣ ብትወዱትም አትመልሱ። እሷ መለሰችለት።

ቅስቱ እስከ ዛሬ አልፈረሰም። ሩጀሮ በማግስቱ ጠዋት በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ። ሊቪያ ግን እስካሁን አልገባችም።