ጓንቱን ያላወለቀው ሰው

ከገዛ ሥራው የሚሸሽ ሰው ቢኖር ዓብዩ ነበር። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በከፈተው ወርክሾፕ ምግብ ቤቶች የሚጥሉትን የሸርጣን ቅርፊት እያስፈጨ ደም የሚያቆም ፋሻ ይሠራበታል፤ እሱ ራሱ ግን የሸርጣን አለርጂ አለበት፣ ቁንጥር ዱቄት አፉ ከገባ ጉሮሮው ይዘጋል። ስለዚህ ያለ ጓንትና ያለ ማስክ ንቅንቅ አይልም፤ የአለርጂ መርፌውም ከኪሱ አይለይም። ማክሰኞ ቀትር ሞቶ ሲገኝ ጓንቱ እጁ ላይ ነበር፤ ማስኩ አገጩ ሥር ወርዷል፤ መርፌው የለም።

መርማሪዋ ሀሴት ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። አፉ ውስጥ ያልተዋጠ ትልቅ ጉርሻ አየች። ሰው ለራሱ ይህን ያህል አይጠቀልልም።

«ሽሮውን ያመጣሁለት እኔ ነኝ» አለች የወርክሾፑ ሠራተኛ ሲሐም። «ሳህኑን አስቀምጬ ዲሊቨሪ ልቀበል ወጣሁ፤ ስመለስ ወድቋል። አሁን እኔን ሊያስሩኝ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀቴ እንኳ ገና አላለቀም!»

«አጉርሰሽው ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ቀኑን ሙሉ ቅርፊት ስፈጭ እያየ ከእጄ ይጎርሳል?»

ሀሴት አመነቻት፤ አንጀቷንም በላቻት። ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም።

የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ ሲሐምን፣ የሟቹን ሚስት የሺሀረግንና ሸሪኩን ልሳነወርቅን እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለቱ ሸሪኮች ወርክሾፑ ይሸጥ አይሸጥ ተባብለው ሆድና ጀርባ ሆነው ከርመው፣ ሽማግሌ ያስታረቃቸው ባለፈው እሑድ ነበር።

«ከእሑድ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም» አለ ልሳነወርቅ። «ምግቡን ያመጣችው እሷ ናት። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሳህኑ ላይ የቀረው ሽሮ ንጹሕ ነው፣ ጋሼ። የቅርፊቱ ዱቄት የተገኘው አፉ ውስጥ በቀረው ጉርሻ ነው። ጓንቱን ስላላወለቀ በገዛ እጁ አልበላም፤ ሰው አጉርሶታል። ከሲሐም እጅ አይጎርስም። እትዬ የሺሀረግ ሆስፒታል ሺፍት ላይ ነበሩ፤ አረጋግጫለሁ። እንደ ዓብዩ ያለ ፈሪ ማስኩን የሚያወርደው እምቢ ማለት ለሚያሳፍረው ሰው ብቻ ነው። ለምሳሌ፣ ገና እሑድ ለታረቀው ሰው።»

ልሳነወርቅ ከት ብሎ ሳቀ። «በሁለት ጉርሻ ሰው ይሞታል እንዴ?»

«እኔ ያወራሁት ስለ አንድ ጉርሻ ነው። የመጀመሪያውን እንደዋጠው ሬሳውን ከመረመረው ሐኪምና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙት፤ መርፌውንም ከኪሱ ወሰዱበት። መኪናዎ ውስጥ አግኝተነዋል።»

ፖሊሶቹ ልሳነወርቅን ይዘውት ወጡ። ሲሐም መሬት ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። የሺሀረግ ግን እንባ አልወጣትም።

«እሑድ ለት ዕርቁ ላይ ልሳነወርቅ ሊያጎርሰው ሲል ዓብዩ እጁን መለሰበት» አለች። «ቤት ስንገባ ተቆጣሁት። ሰው ታዘበን፣ ዳግመኛ ቢያጎርስህ እንዳትመልሰው ያልኩት እኔ ነኝ።»