ተራው የማን ነበር?

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ እስኪነጋ አይመጣም። እኔም ዛሬ ደክሞኛል፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላወራም። መጨረሻ የገባው ማን ነው? አንተ ነህ? ከኋላህ ሰው የለም? እሺ፣ በሩን ዝጋው።

ሰዓቱ ልክ ፀሐይ ገብታ ገና ሳይጨልም ነበር። ዓይን የሚያታልለው ይሄ ሰዓት ነው። መንገዱም መንገድ አይባልም፤ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ገደል። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም። ሰው ስሙን ካወቀ ሄዶ ማየት ያምረዋል።

በዚያ መንደር ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ምን ነበር? መኪና መምራት። መንዳት አላልኩም፣ መምራት። ከከተማ ሰዎች ትልልቅ መኪና ይዘው ይመጣሉ። አስፋልት ሰልችቷቸዋል። ቀኑን ሙሉ በጫካ፣ በወንዝ፣ በአለት ላይ መንዳት ያምራቸዋል። እንግዲህ ጤነኛ ሰው ደህና መንገድ ትቶ መኪናውን ድንጋይ ላይ ይሰብራል? ይሰብራል። ጓንጉልም በዚሁ ያድራል።

ክፉ ቦታ ሲደርሱ ጓንጉል ይወርዳል። ፊቱን ወደ ሾፌሩ አዙሮ፣ ወደ ኋላው እየሄደ፣ በእጁ ይመራል። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ና፣ ና። ሁለት እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ካነሳ፣ ቁም ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት የሚናገረው ቃል አንድ ነው። "መሬቱን እኔ አያለሁ፤ እናንተ እጄን እዩ። ማንም ቢጮህ ድምፅ አትስሙ። እጅ ብቻ።" ለምን መሰላችሁ? ክፉ ቦታ ላይ ሁሉም ይጮኻል። ሁሉን የሚሰማ ሾፌር ደግሞ ይገለበጣል።

ድሮ ሁለት ነበሩ፤ ጓንጉልና ባዬ። ተራ ነበራቸው። አንዱን ክፉ ቦታ ይሄ ከመራ፣ ቀጣዩን ያ ይመራል። ባዬ ሲመሽ እጁ እንዲታይ ብሎ ነጭ የሹራብ ጓንት ያደርግ ነበር። ታዲያ ባዬ የት ሄደ? ከሦስት ዓመት በፊት፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ወደ ኋላው እየሄደ ሲመራ፣ መሬቱ ከእግሩ ሥር ተናደ። አገሬው ቀኑ ደርሶ ነው አለ። ተራው የማን እንደነበር ማንም አልጠየቀም።

ተራው የጓንጉል ነበር። "ደክሞኛል፣ አንተ ውረድልኝ" አለው። ባዬም "እኔስ ብረት ነኝ?" አለና ወረደ። ይችን ነገር ጓንጉል ለዓመታት ለነፍስ አባቱ እንኳ አልተናገራትም።

ባዬ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን ሦስት መኪና መጣ። የፊተኛውን የምትነዳው ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች፤ ጓንጉል ከጎኗ ተቀመጠ። ከኋላቸው ይትባረክ የሚባል ወፍራም ሰውዬ፣ ከሱ ኋላ አንድ ባልና ሚስት።

ረፋድ ላይ ወንዙ ጋ ደረሱ። ጓንጉል ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ሦስቱንም አሻገረ። ይትባረክ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ጓደኛዎን ውሃው አይበርዳቸውም እንዴ?" አለው።

"የቱ ጓደኛዬ?"

"ከኋላዎ የቆሙት።"

ጓንጉል ዘወር አለ። ውሃ ብቻ። ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ይሆናል አለ በሆዱ። እናንተስ ብትሆኑ እንደዚያ አትሉም?

ለምሳ ዛፍ ሥር አረፉ። ትርሲት ዳቦና እንቁላል አወጣችና ጓንጉል ፊት የሁለት ሰው ድርሻ አስቀመጠች።

"ምነው ልጄ፣ ሆዳም መሰልኩሽ?"

"አንዱ ለሰውየው ነው። ጓንት ላደረጉት። አፍረው ነው መሰል፣ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል።"

ዳቦውን መልሶ አስቀመጠ። ጓንጉል ፈራ። መመለሻው በዚያው በገደሉ በኩል ባይሆን ኖሮ፣ በቃን፣ እንመለስ ይል ነበር።

ከዚያ ወዲያ አቀበት፣ ቁልቁለት፣ ውረድ፣ ውጣ። ሁለት ሆነው ይሠሩት የነበረውን ብቻውን ነው የሚሠራው። ጉልበቱ ከዳው። ወገቡ ከዳው። አመሻሹ ላይ የቀራቸው አንድ መንታ መንገድ ብቻ ነበር። ቀኙ አዲሱ ነው፣ ደህና ነው። ግራው ባዬ የሞተበት ነው፤ በእሾህ ታጥሯል።

"መንታው ጋ ስትደርሺ አቁሚና ቀስቅሺኝ" አላት። ደክሞት ነበር። ተኛ።

የነቃው ሰውነቱ ወደ ፊት ሲያዘነብል ነው። መኪናው ቁልቁል ይወርዳል። ቀስ ብሎ፣ በሰው እርምጃ። ከፊት በአቧራው ውስጥ ሁለት ነጭ እጆች ና፣ ና ይላሉ። መጀመሪያ እጅ ብቻ ነበር። ቆይቶ ትከሻ መጣ። ቆይቶ ኮፍያ መጣ። ከኮፍያው ሥር ግን ፊት የለም።

"ማን ነው በዚህ ያስገባሽ?"

"ሰውየው ናቸዋ" አለች ትርሲት፣ ዓይኗን ሳትነቅል። "እሾሁን አንስተው ጠሩኝ። እርስዎን ልቀሰቅስ ስል እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ ይተኛ አሉኝ።"

"አቁሚ! ገደል ነው!"

አቆመች? አላቆመችም። ጠዋት ድምፅ አትስሙ ያላት ማን ነው? ራሱ ነው። የደከመ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የተነገረውን ይዞ ይሄዳል። የእጅ ፍሬኑን ልሳብ አለ፤ ግን እንደዚያ ባለ ጠጠር ላይ ፍሬን በድንገት የሳበ መኪናውን አንሸራቶ ገደል ይከታል። ከኋላ ሁለቱ መኪኖች ተከትለዋል። ስድስት እርምጃ ቀረ። አምስት ቀረ።

በሩን ከፍቶ ዘለለ። እያነከሰ ሮጠና በመኪናውና በነጮቹ እጆች መካከል ቆመ። ፊቱን ለትርሲት ሰጠ። ሁለት እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ።

መኪናው ደረቱ ጋ ደርሶ ቆመ።

እንግዲህ አስቡት። ፊቱ ወደ መኪናው ከሆነ፣ ጀርባው ወደ ማን ነው? ማጅራቱን ቀዝቃዛ ነገር ነካው። ዘወር አላለም። ከኋላው በጣም የደከመ ድምፅ ሰማ።

"ጓንጉል፣ እኔም ደክሞኛል።"

ጓንጉል አለቀሰ። እጁን ሳያወርድ አለቀሰ። "አውቃለሁ፣ ባዬ። ተራው የኔ ነበር። አንተ ግባና ዕረፍ፣ እኔ እመራለሁ" አለ።

ጓንጉል ሦስቱንም መኪኖች አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየመራ አወጣ። እሾሁን መለሰ። ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ አልገባም። በእግሩ ከፊት ከፊት እየሄደ መንደር አደረሳቸው። የሚያነክስ እግሩን እየጎተተ፣ አንዴም አልተቀመጠም።

ሲደርሱ የትርሲትን መኪና በር ሊከፍት እጁን ዘረጋ። የራሱን ኮፍያ መኪናው ውስጥ ረስቶ ነበር። ትርሲት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ" አለች በሹክሹክታ። "ጓደኛዎን እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ደክሟቸው ነው።"

ጓንጉል በመስኮቱ አየ። ወንበሩ ባዶ ነው። ቀበቶው ግን ታስሯል። ወንበሩም ሰው እንደተኛበት ሰርጉዷል፤ ቀበቶው ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

በሩን አልከፈተም። "ተይው፣ ይተኛ" አላት። እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መኪናውን ሲጠብቅ አደረ። ይሄን የነገረኝ ራሱ ነው።

እናም ልንገራችሁ። ደክሞኛል ማለት ነውር አይደለም። ተራችሁን ግን በደከመ ሰው ላይ አትጣሉ። በዚያ ሰዓትም ብቻችሁን አትሂዱ፤ የሚጠራችሁን እጅ ከመከተላችሁ በፊት ፊቱን እዩ። በሉ ተነሱ፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ግቡ።

ቆይ። አንተ፣ በሩን ቅድም ዘግተኸው አልነበረም? ታዲያ ማን ከፈተው?