ማን ይደርስልሻል?

ውሸት ነው የምትሉ በሉ... እኔ ግን በነዚህ ሁለት ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ።

ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠየቅ ነው። «ብትታመሙ የሚያስታምማችሁ አለ? ሲከፋችሁ የምታዋዩትስ?» ሰው «ወገን አለኝ» ብሎ ምን ያህል እንደሚያምን ለማወቅ የሚደረግ ጥናት ነው።

የዕለቱ የመጨረሻ ተጠያቂዬ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ደረጃው ላይ ያገኘኋት ጎረቤታቸው «ብቻቸውን ናቸው፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም» ብላኛለች።

ገባሁ። ሳሎኗ ጠባብ ናት። የጓዳው በር ገርበብ ብሏል።

«እማማ፣ ቢታመሙ የሚደርስልዎት ሰው አለ?»

ወደ ጓዳው ዞር ብለው ጆሮ ሰጡ።

«ሞልተዋል።»

«ሲከፋዎትስ?»

በበሩ ሥር ጥላ አለፈ። ከዚያ ሹክሹክታ ሰማሁ... የአንድ ሰው አይደለም።

«ሞልተዋል አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

«እነማን ናቸው?»

«የወለድኳቸውማ ረስተውኛል።» ፈገግታቸው እንደ ሬት ይመራል። «እነዚህ ግን ሳልጠራቸው መጡ።»



አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺስ? ብትታመሚ ማን ይደርስልሻል?»

ስንቱን ጠይቄያለሁ... እኔን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ወንድሜ ትዝ አለኝ። በዓመት አንዴ ቢደውል ነው።

«ማንም» አልኩ። አምልጦኝ ነው።

አሮጊቷ ወደ ጓዳው ዞሩ።

«ሰማችሁ? ማንም የላትም።»

ሹክሹክታው ቀጥ አለ።

ከዚያ... ወንበሮች ወደ ኋላ ሲገፉ ሰማሁ። ብዙ ወንበሮች። ተቀምጦ የቆየ ሁሉ ባንዴ የተነሳ ይመስል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

በማግስቱ ትኩሳት ጣለኝ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«አሞኛል... እባክህ ና።»

«ስብሰባ ላይ ነኝ። መልሼ እደውላለሁ።»

አልደወለም።

በሬን ከውስጥ ቆልፌ፣ በጠራራ ቀን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተንቀጠቀጥኩ። እያለቀስኩ መቼ እንቅልፍ እንደወሰደኝ እንጃ።

ስነቃ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ።

ዓይኔን አልገለጥኩም። አልጮህኩም። የሰው ያለህ ብዬ ማንን ልጥራ?

ቀዝቃዛ ጣቶች ጨርቁን ቀስ አድርገው አነሱት... ገለበጡትና መልሰው አስቀመጡልኝ።