የጋሼ ጠብታ ቧንቧ

ጋሼ ጠብታ ግቢ ውስጥ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ አደረ። ሰውየውን ለሚያውቅ ይህ ብቻውን መርዶ ነበር። ቅጽል ስሙ የወጣለት የሚንጠባጠብ ቧንቧ አይቶ ማለፍ ስለማይሆንለት ነው፤ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ እንኳ መጀመሪያ የጓሮውን ቧንቧ አጥብቆ ነው የሚቀመጠው ይሉታል። የከተማውን የውሃ ቆጣሪ ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሩ እየዞረ አንብቧል።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልጁ ቁርስ ይዛለት ስትመጣ፣ ጓሮ ካለው የሲሚንቶ ገንዳ ሥር ተዘርግቶ አገኘችው። ጭንቅላቱ የገንዳውን ጠርዝ መትቷል። ቧንቧውን ዘጋች። ከዚያ ጮኸች።

«ቧንቧውን ለምን አስቀደምሽ?» አሏት መርማሪዋ።

«አባዬ ውሃ ሲባክን አይወድማ» አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

መርማሪዋ ጡረታ ሊወጡ አራት ወር የቀራቸው፣ ጉልበታቸው የሚያስቸግራቸው ሴት ናቸው። ሰው ሲጠይቁ ወሬ የሚያወጉ ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው የተያዘላቸውም በዚህ ነው።

«ደረቱ በልዟል፤ ተገፍቶ ነው የወደቀው» አላቸው ሐኪሙ። «ወዲያው ግን አልሞተም። አንድ ሰዓት ያህል ትንፋሽ ነበረው።»

መርማሪዋ ዝቅ ብለው አዩ። ፊቱ ላይ ደም የለም፤ ታጥቧል። አጠገቡ ጣሳ ወድቋል። ከኮቱ ኪስ የወጣው ደብተር ላይ የገዛ ቤቱን ቆጣሪ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እያነበበ ጽፏል። የመጨረሻው፦ «ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ 1846»። በር ሥር ያለውን የቆጣሪ ሳጥን ከፈቱ፤ 1862 ይላል። ደብተሩ ውስጥ የታጠፉ ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። አነበቧቸውና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ከዚያ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ የንባብ ክፍል ሄዱ። ኃላፊዋ ዓይኗ አብጧል።

«ሐሙስ ምክር ቤቱ ይወስናል» አለች። «አዲሱ ቆጣሪ ቁጥሩን ራሱ ነው የሚልከው፤ ሰው ደጃፍ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። አርባ ሁለት አንባቢ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ጋሼ ጠብታ ስለ እኛ ሊናገርልን ነበር።»

«ስለ እናንተ?» መርማሪዋ አንዱን ወረቀት ዘረጉላት። «'አዲሱ ቆጣሪ ይግባ። እኛ አንባቢዎች ቤት ሳንደርስ በግምት እንጽፋለን' ይላል እኮ።»

ኃላፊዋ ተቀመጠች። «ሰኞ ጠዋት ነግሮኝ ተጣልተናል። አልዋሽዎትም። ግን ከዚያ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ምን ነካው?»

«ዓምና ብቻዋን የምትኖር አንዲት አሮጊት ሞታ ሦስት ሳምንት ሳትገኝ ቀረች። በሩን አንኳኩቶ ያገኛት እሱ ነው፤ የታመመ አንባቢ ተክቶ ሲዞር። የመስመሩን ደብተር ሲያይ፣ ከሞተች በኋላም ውሃ እንደተጠቀመች ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሰው አልሆነም።»

«መስመሩ የማን ነበር?»

ኃላፊዋ መስኮቱን አየች። «የሯጩ። የሴት ልጁ ባል። ጋሼ ነው እጁን ይዞ ሥራ ያስተማረው።»

«እስቲ አሠራሩን ንገሪኝ። እኔ ቆጣሪ ሲያንገላታኝ እንጂ ሳነበው አላውቅም።»

ኃላፊዋ ሳትወድ ፈገግ አለች። «የጋሼ ሕግ አንድ ናት። ግቢ ስትገባ ሰላምታ ሳትሰጥ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጻፍ። ሰዓቱና ፊርማው መንገዱ ሲያልቅ ይሞላል። አንዴ የተጻፈ አይሰረዝም፤ ሰርዞ የተገኘ ይባረራል።»

የአዲሱ ቆጣሪ ሻጭ ወኪል ኮሪደር ላይ ቦርሳውን አቅፎ ይጠብቅ ነበር።

«ሰኞ አሥር ሰዓት ቤቱ ሄጃለሁ» አለ ሳይጠየቅ። «ይደግፈናል ሲሉኝ ላመሰግነው። አንኳኳሁ፤ የከፈተ የለም። ጓሮ ውሃ ሲወርድ ሰማሁ። ገላውን የሚታጠብ መስሎኝ ተመለስኩ።» ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «ያኔ ሞቶ ነበር?»

መርማሪዋ ሰዓቱን ጻፉ። ሐኪሙ አንድ ሰዓት ያህል ትንፋሽ ነበረው ማለቱን ያውቃሉ።

ሯጩ የሁለት ቀን መስመር በግማሽ ቀን ስለሚጨርስ ነው ስሙ የወጣለት። አሁን ግን እግሩ ከብዶት ግድግዳ ተደግፏል።

«ሰኞ ጋሼ የሚኖርበትን መንገድ ነበር የማነበው። እሱ ቤት መጨረሻ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ ብዬ ተጣራሁ፤ ዝም። ሥራ ሄዷል ብዬ ሳጥኑን አንብቤ ወጣሁ። ጓሮ አልዞርኩም... ምነው በዞርኩ!»

«ደብተርህን ልየው?»

ሰጣቸው። አንዴ አዩት፣ አመስግነው መለሱለት። ከዚያ ወደ ጋሼ ጠብታ ግቢ ተመልሰው፣ ሃያ ሊትር ባልዲ ከገንዳው ቧንቧ ሥር አስቀምጠው፣ ልጁ አገኘሁት ባለችው ልክ ከፈቱት። ባልዲው እስኪሞላ ሰባ ሁለት ሰከንድ ፈጀ። በደብተራቸው ጠርዝ ላይ ደምረው፣ አባዝተው፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ፣ ወኪሉ፣ ሯጩና ልጅቱ በንባብ ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። መሐል ላይ ወኪሉ ለናሙና ያመጣው አዲስ ቆጣሪ ያበራል። ልጅቱ የባሏን እጅ ይዛለች። ይህን ሲያዩ መርማሪዋ ሥራቸውን ጠሉት።

«ያ ቧንቧ በሰዓት አንድ ሺህ ሊትር ያፈሳል» ሲሉ ጀመሩ። «ያ ደግሞ ቆጣሪው ላይ አንድ ቁጥር ነው። ሟቹ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት 1846 ብሎ ጻፈ። ልጁ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ስትዘጋው 1862 ደርሷል። አሥራ ስድስት ቁጥር፣ አሥራ ስድስት ሰዓት። ስለዚህ ቧንቧው የተከፈተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እሱ ጽፎ ደብተሩን ኪሱ እንደከተተ ነው። ወኪሉም አሥር ሰዓት ላይ ውሃውን ሰምቷል።»

«ታዲያ ማን ከፈተው?» አለች ኃላፊዋ።

«የገፋው ሰው። ፊቱ ታጥቧል፣ ጣሳ ወድቋል። የሚጠላ ሰው ደም አያጥብም። ሊያነቃው የሞከረ፣ የሚወደው ሰው ነው።»

የልጅቱ እጅ ላላ።

«ሯጩ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ደረስኩ ብለሃል። በዚያ ሰዓት ውሃው ሁለት ሰዓት ፈስሶ ቆጣሪው 1848 ይል ነበር። ደብተርህ ላይ ያለው ግን 1846 ነው። ያ ቁጥር ከአሥር ሰዓት በኋላ እዚያ ሳጥን ውስጥ አልነበረም። እንደተማርከው፣ በር ላይ መጀመሪያ ቁጥሩን ጻፍክ። ከሆነው በኋላ መሰረዝ ክልክል ስለሆነ ሰዓቱን ብቻ ዋሽተህ ሞላህ። የሰው ቤት በግምት ስትጽፍ ኖረህ፣ የሱን ቤት ግን በእውነት አነበብክ።»

ሯጩ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

«የሱን ቤት መገመት አልችልም» አለ። «አስተምሮኝ... ወረቀቱን አሳየኝ። ልጅ ሊወለድልን ነው፣ እንጀራዬን ልትቆርጥ ነው? አልኩት። 'ሁለተኛውንም አንብብ' ሲለኝ አልሰማሁትም። ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት።»

መርማሪዋ ሁለተኛውን ወረቀት አወጡ። ቀስ ብለው አነበቡ።

«'ቁጥሩን ማሽኑ ይላክ። አንባቢዎቹ ግን አይበተኑ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎችን በር በየሳምንቱ የሚያንኳኩ ይሁኑ። የመጀመሪያው የልጄ ባል እንዲሆን እለምናለሁ። እግሩ ፈጣን ነው፣ ልቡ ደግ ነው። በር ማንኳኳትን አጥብቄ ያላስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።'»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች።

«ውሃ ስታፈስበት... ነቅቶ ነበር?»

«ዓይኑን ገለጠ።»

«ምን አለህ?»

ሯጩ ቀና ብሎ አያት።

«'ልጄ፣ ቧንቧውን ዝጋ' አለኝ። እኔ ሮጥኩ።»

ሐሙስ ዕለት ልጅቱ ምክር ቤት ቀርባ ሁለቱንም ወረቀቶች አነበበች። አባላቱ ለመወያየት ቀጠሮ ያዙ። እሷ ወደ አባቷ ቤት ሄደች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሆዷን ደግፋ በር ሥር አጎነበሰች፣ የቆጣሪውን መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ በአባቷ ደብተር ላይ «ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ 1862» ብላ ጻፈች።