ጭረት የሌለው ዲስክ

ቀይዋ የስፖርት መኪና አፍንጫዋን የድንጋይ አጥሩ ውስጥ ቀርቅራ ቆማለች። ባለቤቷ መሪው ላይ ተደፍቶ ሞቷል። ከቤቱ ግቢ በር እስከ አጥሩ ያለው ቁልቁለት አጭር ነው። ሰውየው አንዴ ፍሬን ረገጠ፣ ፍሬኑ እምቢ አለ፣ በቃ።

የፊት ጎማዎቹ ሲፈቱ የፍሬን ሸራው ብረቱ እስኪወጣ አልቆ ተገኘ። መካኒኩ ግን በዋዜማው «አዲስ አስሬያለሁ» ብሎ ነበር ያስረከበው። ከዚህ ወዲያ ማን ይስማው! ጋራዡ ታሸገ፤ እሱም ታሰረ።

«ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፋይሉን ዝጊና እንረፍ» አላት አለቃዋ ለኢንስፔክተሯ።

«ግልጽ ነገር ሲበዛብኝ ራሴን ያመኛል» ብላው ወጣች።

መካኒኩን እስር ቤት አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሸራውንም፣ ሸራው የሚነክሰውን የብረት ዲስክም አዲስ አድርጌ፣ ራሴ ነድቼ ነው ያደረስኩለት። መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ስንቴ ፍሬን ይዣለሁ!»

«አሮጌው ሸራስ?»

«በአዲሱ ካርቶን ከትቼ ሰጠሁት። የወለቀውን ዕቃ ለባለቤቱ ካልመለስኩ ሌባ ልባል ነዋ! ይኸው መልሼም ተባልኩ። ትናንት ሚስቴ መጥታ ‹እውነቱን ንገረኝ› አለችኝ። እሷም!»

ኢንስፔክተሯ የሟቹ ቤት ስትደርስ የግቢው በር ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ጮኸ። ጆሮዋን ይዛ ረገመችው።

«ጣውንቴ ናት የገደለችው» አለች የሟች ሚስት። «መኪናዋን ማለቴ ነው። ከእኔ ይልቅ እሷን ነበር የሚያባብለው። አሮጌ ጎማዋን እንኳ አያስጥልም። አንዲት ብሎን ከመደርደሪያው ብትጎድል ቤቱ ይታመሳል።»

«የመካኒኩ ካርቶንስ?»

«እዚያው ይሆናል። ያለቀ ሸራ ለማየት ማን ይከፍተዋል?»

እዚያው ግቢ የሚኖረው የሟች ታናሽ ወንድም ገና ሳይጠየቅ ተቆጣ።

«መኪናዋ ከጋራዥ በመጣችበት ዕለት ማታ ምን ስትሠራ ነበር?» አለችው።

«የግቢው በር እንዳይጮህ ግራሶ ቀብቼው ተኛሁ። ያንን ሌባ ይዘዋል አይደል? እኔን ለምን ያደርቁኛል?»

የሟች እናት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የኢንስፔክተሯን እጅ ያዙ።

«ልጄን የገደለውን አምጪልኝ። ማንም ይሁን!»

«እሺ እማማ።»

«ታላቁ እኮ ለትንሹ አባቱም ነበር። ጎማ መፍታት ያስተማረው እሱ ነው። በሞቱ ዋዜማ ማታ ትንሹ ዘይቴንና ስኳሬን አንጠፍጥፎ እጁን ሲያሽበት ተቆጣሁት። ለግቢው ብሎ በር ሲቀባ የቆሸሸ እጅ! ምነው ባልተቆጣሁት።»

ኢንስፔክተሯ ወጥታ የበሩን ማጠፊያ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ጣቷ ላይ ደረቅ ዝገት ብቻ ቀረ። ከዚያ መኪናዋ ወደተጎተተችበት ሄዳ ዲስኮቹን በባትሪ አየቻቸው።

«ይህን ማንም አላየም?» ብላ ፖሊሶቹ ላይ ጮኸች። «ሸራውን አይታችሁ ዲስኩን ሳታዩ ሰው ታስራላችሁ? ወይ መዓት!»

በማግስቱ ሁሉንም መኪናዋ ትቆምበት ከነበረው ክፍል፣ ከመደርደሪያው ፊት ሰበሰበቻቸው። መካኒኩም በካቴና ታስሮ መጣ።

«ብረት ብረትን ሲፍቅ ይጭራል» አለች። «ይህ ሰው ያለቀ ሸራ አስሮ ያን ሁሉ ቁልቁለት ቢነዳ ኖሮ ዲስኩ ተቦጫጭሮ ነበር። ዲስኩ ግን አንድ ጭረት የለበትም። ያለቀው ሸራ ፈጽሞ አልነካውም።»

«ታዲያ መኪናዋ ላይ ምን ይሠራል?» አለች ሚስትየው።

«እዚህ ከደረሰች በኋላ ነው የገባው። አዲሱ ወፍራም፣ ያለቀው ስስ ነው፤ ሲለዋወጡ በሸራውና በዲስኩ መሃል ክፍተት ይቀራል። ፍሬኑ ተደጋግሞ ካልተረገጠ የመጀመሪያው እርግጫ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ሟች ሁለተኛ ለመርገጥ ጊዜ አላገኘም።»

ካርቶኑን ከመደርደሪያው አውርዳ ከፈተችው። ውስጡ ወፋፍራም አዲስ ሸራ ነው፤ ጀርባው ላይ ግራሶ ተለድፎበታል።

«የኔ ናቸው!» ብሎ መካኒኩ አለቀሰ።

«በዚህ ቤት የመኪናዋ ዕቃ ከጎደለ ይታወቃል። ስለዚህ ገዳዩ አዲሶቹን ሸራዎች አልጣላቸውም፤ መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ከተታቸው። ያለቀ ሸራ ለማየት ማን ይከፍተዋል?»

ሚስትየው ደነገጠች። «እኔ አይደለሁም!»

«አይደለሽም። እነዚህን የፈታ ሰው እጁ ግራሶ ይሆናል፤ ግራሶ ደግሞ በሳሙና ብቻ እሺ አይልም፤ ዘይትና ስኳር ይፈልጋል። እጁን በዘይትና በስኳር ያሸ ሰው በር ስቀባ ነበር ብሏል። በሩ ግን እንደ አህያ ይጮኻል። ግራሶ የሚባል አልነካውም።»

ሁሉም ወደ ታናሽ ወንድምየው ዞሩ።

«የአባታችንን ቤት ሊሸጠው ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ለዚች ቆርቆሮ! እማዬን የት ሊጥላት? ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እየሳቀ ‹ቤት አይነዳም› አለኝ። እኔ መኪናዋ እንድትሰበር ብቻ ነበር የፈለግሁት!»

«ባዶዋን ነበር የምትሄደው?» አለችው።

ወንድምየው ዓይኑን ከእናቱ አሸሸ።

ካቴናው ከመካኒኩ እጅ ወልቆ ወደ እሱ እጅ ተዛወረ። መካኒኩ አንጓውን እያሻሸ «ለሚስቴ ማን ይንገርልኝ?» አለ።

«ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ» አለችው።

እናትየው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«በገዛ አፌ» አሉ። «ለአንድ ጭልፋ ስኳር ብዬ፣ በገዛ አፌ!»

«እማማ...»

«ተይኝ። ማንም ይሁን ብያለሁ። ውሰጂው።» ወደ ልጃቸው ግን አላዩም። «የግቢውን በር ብቻ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት።»

ፖሊሶቹ ቀስ ብለው ከፈቱት። ቢሆንም ጮኸ።